ሁለት እርምጃ

አላሙራ ወገብ ላይ፣ ሚያዝያ በገባ በሦስተኛው ቀን፣
ጫፉ ቀይ ቀለም የተነከረውን
ችካል እየተከልን፣
ገመድ እየሳብን፤
እኔ ሜትር ያዥ ነኝ፤ ሐማሶ መነጽሩን በሦስት እግር አቁሞ
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሽቅብ ያያል ደጋግሞ።
«ያ ችካል የማነው? ከመስመር ወጥቷል፤
ከግራሩ ሥር ነው፤ ሂድና ንቀለው» ይለኛል።

ሄድኩ። ችካል አልነበረም።

ቅጠል የሌለው አንድ ዘንግ፣ አናቱ ላይ የእሳት ኳስ፣
መቶ ቀጭን ክር፣ በየክሩ ጫፍ ብናኝ የለበሰ ቢጫ ራስ።
ትናንት አልነበረም፤ ትናንት እዚችው ምሳ በልተናል፤
በአንድ ሌሊት ዝናብ ምድር ገፍታው እንጂ ማን ይተክለዋል?

«የጅብ ሽንኩርት» አለኝ
ዳንጊሶ ዘበኛው፣ በዱላው ጫፍ እያመላከተኝ።
«ፍየል አትቀምሰው፤ ጅብም በስሙ እንጂ በአፉ አያውቀው፤
ዝናብ ሲጠራው ይመጣል፣ ሲበቃው ይሄዳል፣ ማንም አይጠይቀው።»

እኔ ጠየቅሁት። በመዶሻ ጀርባ ቆፍሬ፣
ሽንኩርቱን ከነአፈሩ በኮፍያዬ ቋጥሬ፣
በባጃጅ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌው፣ እስከ ዳቶ ሰፈር።

የተከራየሁባት ግቢ የእትዬ ዘርትሁን፤
ጎመን፣ ጤና አዳም፣ አንድ ፓፓያ፤ ሁሉም ሥራ አለው፣ እሱስ ምን ይሁን?
«ይበላል?» አሉኝ። «አይበላም።» «ይሸታል?» «የለውም ሽታ።»
«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» ዝም አልኩ ለአንድ አፍታ።
የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረች፤ ሥሯን በምስማር በስቼ
ተከልኩት፤ አጠጣሁት፣ ማታ ማታ ከሥራ መጥቼ።

ዝናቡ አለፈ፤ ኳሱ ጠወለገ፤ ቅጠሉም ገርጥቶ ወደቀ።
በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ብቻ ሰጠኝ፣ አበባውን ደበቀ።
ጥላ ነው የጎደለው ብዬ ከፓፓያው ሥር፣
ፀሐይ ነው ብዬ ከቆርቆሮው በር፣
ከሐይቁ ዳር ጥቁር አፈር በፌስታል፣
ከአሞራ ገደል የዓሣ አጥንት ፈጭቼ፤ «ይሄን ይወዳል»
አሉኝ የሚያውቁ። አልወደደም።
በሦስተኛው ዓመት ቅጠልም የለም።

ማታ ማታ ጣሳዋ ፊት እቀመጥ ነበር፣
እንደ ሐኪም ቤት ወረፋ፣ ስሜ እስኪጠራ ሳልናገር።
ምን አስቀየምኩህ? የነቀልኩህ ቦታ ዛሬ ገረጋንቲ ፈሶበታል፣
ሮለር ጋልቦበታል፤
አዳንኩህ እኮ።
አዳንኩህ ማለት ግን ለነቃዩ ይጣፍጠዋል።

አንድ ቀን ስመጣ ጣሳዋ የለችም።
እትዬ ዘርትሁን ኖራ በጥብጠውባታል፣ ለአጥሩ ቅብ።
«አፈሩስ?» «ደፋሁት።» «የት?»
«እኔ እንጃ ልጄ፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ፣ ወይ ከቦዩ።»
አልተጣላሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ቀለለኝ።

ከዚያ ግንቦት። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲደበደብ አደረ፤
ጠዋት በጠርሙስ ስባሪና በሳሙና አረፋ መሃል ቆሞ ነበረ፤
ያ ቀይ ራስ፣ ከጣሳዬ እምቢ ያለው፣ ከትቢያ፣
ከተቀደደ ካልሲ አጠገብ፣ ከልብስ ማጠቢያ።
እትዬ ዘርትሁን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው
«ወረወርኩት እንጂ» አሉ፣ «መች ተከልኩት? ምን ነካው?»
ጎንበስ አሉና፣ በሳሙና እጃቸው ሊነኩት ሲሉ ተዉት፤
ከዚያን ቀን ወዲህ እጣቢውን ወዲያ ነው የሚደፉት።

ሰኞ አዲስ መስመር ነበረን፣ ከታቦር ጀርባ፣ ቦይ ሊቆፈር፤
ሐማሶ ከኋላ፣ እኔ ችካሌን ይዤ ከፊቱ ስሰፍር፣
ሦስት ሆነው ቆመዋል፣ አንዱ ገና እምቡጥ፣ ልክ ምልክቱ ላይ።
ዞር ብዬ አየሁ። መነጽሩን ይወለውላል፤ እኔን አያይ።
ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄጄ መታሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ማታ በወረቀቱ፣ «ምነው፣ እዚህ ጋ ጎበጠ?» ሲለኝ፣ «ስህተቴ፤
በእኔ ስም ጻፈው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጫማዬን አየ፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ብናኝ ነበር።
እርሳሱን በምላሱ አርሶ
መስመሩን እንደጎበጠ አደመቀው።