የነፋስ ገመድ

በፑንታ አሬናስ፣ ምድር በምታልቅበት፣
ነፋስ ነው ባለሥልጣን፣ ነፋስ ነው ባለቤት።
ቀን ሲከፋ ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ
ገመድ ይወጥራል ከግንቡ እስከ መብራቱ፤
ሰው ገመዱን ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣
መንገድ ይሻገራል ከማያውቀው ጋር ተሰድሮ።

ከሆስፒታሉ ግን፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ነፋሱ አይደርስም፤ መስኮቱ ጥብቅ።
እዚያ ያለ ነፋስ ተመጥኖ ይገባል፤
መሣሪያ ይሰፍራል፣ የሰው ደረት ይቀበላል።
በእኔ ቋንቋ ቢጻፍ ከበሩ አናት ላይ
«ጽኑ ሕሙማን» ይላል። ቃሉን ሳገላብጠው፣ ሳይ፣
«ጽኑ» ያልኩት ፊደል ሁለት ሆነብኝ፦
ለታማሚው ሕመም፣ ለነርሷ ትእዛዝ መሰለኝ።

ያስና ጸንታ ነበር አራት ሌሊት ሙሉ፤
ማንቂያ ደወሎቹ በሕልሟም ይጮኻሉ።
እናቷ ስትደውል «ደህና ነኝ» ትላለች፤
ሾርባዋን አሙቃ ሳትቀምስ ትተኛለች።
የአልጋ ሰባት ሴትዮ የሞተች ዕለት ማታ
ወደ ስምንት አለፈች አንሶላ አጥፋ፣ ቅጽ ሞልታ።
እንደ ባዶ ጓንት ሆነባት ደረቷ፤
ሞቱ አልነበረም፣ አስፈራት አለመፍራቷ።

አስተዳደሩ ሰማ፣ ወረቀት ለጠፈ፦
«በጥልቀት ተንፍሱ» የሚል፣ በሰማያዊ የተጻፈ።
ኔልዳ አነበበችና፦
«እዚህ ቤት መተንፈስ የማሽን ሥራ ነው፤
እኛ የጎደለን ሁለት ሰው ነው፣ ሰው!»

በአምስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ዓይን ተከፍቶ እያለ ማየት በሚደክም፣
ያስና ፓምፑ ላይ ቁጥር ስትነካ
አንዲት ዜሮ በዛች፤ ጣቷ አላወቀም ለካ።
ኔልዳ ከጀርባዋ እጇን ያዘች ቀስ ብላ፤
«አብረን እንቁጠረው» አለች፣ ዜሮዋን ነቅላ።

በቀድሞው ልማድ ቢሆን ዶክተር ማንሲያ
«ማነው ያጠፋው?» ባለ፣ ጣቱ ወዲህ ወዲያ።
ያን ሌሊት ግን መጣ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
የራሱን እጅ ዘረጋ፤ እሱም ተንቀጠቀጠ።
«እኔም ባለፈው ወር ተሳስቼ ነበር» አለ፤
«እጄን የያዘኝ አልነበረም።»
ቃሉ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ከዚያ ወዲህ ሁሌ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲመታ፣
አምስት ደቂቃ አለች፤ ሁሉም ይቆማል ላፍታ።
ዓይናቸው ከአልጋው ሳይነሣ፣ በክብ ቆመው
ይጠያየቃሉ፦ «ማን ምን ተሸከመ? ማን ደከመው?»
ጽዳት ሠራተኛው፣ ሽማግሌው ኡምቤርቶ፣
ባልዲውን ይዞ ሊያልፍ ሲል ጠሩት፤ ቆመ አመንትቶ።
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠየቀው የለም፤
«አልጋ አራት» አለ፣ «ባልዲዬ ሲንኳኳ ዓይኑን ይገልጣል፤ ተኝቶ አይደለም።»
ኔልዳ መዝገብ ላይ አሰፈረችው፣ ከሐኪሙ ቃል እኩል አድርጋ፤
እሱም ኮሌታውን ዳበሰ፣ የተዘጋውን ሊዘጋ።

በወጣትነቱ ከተማው ውስጥ ገመድ ይወጥር ነበር።
ያስና ጠየቀችው፦ ይጠቅማል?
«ገመድ ነፋስ አያቆምም፣ ልጄ፤ ማን ዋሸሽ?
ብቻ ወዲያ ማዶ ለያዘው ይሰማዋል መንገዳገድሽ።»

ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተቀጠሩም፤ ደብዳቤው ተልኳል፤
ሰማያዊው ወረቀት በአንድ ጥጉ ተንጠልጥሏል።
አልጋ ሁለት ትናንት ሞተ። ያስና አለቀሰች፤
አምስቷ ደቂቃ ስታልቅ ስድስተኛ ሰጧት፤ ጨረሰች።

ማለዳ ስትወጣ ነፋሱ ተነሥቷል፤
ከባንኩ ጥግ እስከ ፋርማሲው ገመድ ተወጥሯል።
ያዘችው። ከፊቷ አንዲት ሴት፣ ዳቦ በብብቷ፣
በሻርፕ ተጠቅልሎ የማይታይ ፊቷ።
ነፋሱ ሲመታት ገመዱ ይላላል፣ ይጠብቃል፤
የማታውቃት ሴት ክብደት ከያስና መዳፍ ይደርሳል።

ያስና ጠበቅ አደረገችው።
ሴትዮዋ ዞር አላለችም፤
ቀና ብላ ሄደች።