አንድ በአንድ

የድሮው ስልኬ ባንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አያውቅም ነበር፤
ካርታ ከከፈትሁ ዘፈኑ ይሞታል፣ ዘፈን ከከፈትሁ ካርታው ይቀበር ነበር።
ልጄ ስትደውል ሁሉን ጥሎ ይነሳል፣
ስንጨርስ ደግሞ ከየት እንደተነሳ ይረሳል።
«ሰነፍ ነው፣ ጣይው» ትለኝ ነበር ሽቱ፣ የፈረቃ ጓዴ፤
እኔ ግን እቀናበታለሁ። ለኔ ማን ፈቀደልኝ፣ አንድ ነገር ባንዴ?

አፉላ፣ ሆስፒታሉ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሌሊት፤
መጥረጊያው በግራ፣ ባልዲው በቀኝ፣
ስልኩ በጆሮና በትከሻ መሃል፣
ከወዲያ የልጄ ሂሳብ፣ አልገባ ያላት፣
ከወዲህ ነርሷ፦ «እዚህ ጋ ፈሷል!»
በአፌ ዕብራይስጥ፣ በሆዴ አማርኛ፣
እግሬ ይሄዳል፣ ዓይኔ ብቻ የተኛ።

በሐምሌ፣ አስፋልቱ ከጫማ ሲጣበቅ፣
የወንድሜ ልጅ አለልኝ አዲስ ስልክ ይዞ መጣ፣
እንደ መስተዋት የሚያብለጨልቅ።
«አክስቴ፣ ይሄ አራት አምስቱን ባንዴ ይሠራል፤
ዘፈኑ ሳይቆም ካርታው ይመራል።»
ዋጋው፣ ሠላሳ ስድስት ወር የሚከፈል ዕዳ።
ሲሙ ለጉድጓዱ ሰፋ። «ቀላል ነው» አለና
የወጥ ቤቱን መቀስ አነሳ።
እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ እሱ ቆረጠ፤
ቁራጩ እንደ ጥፍር ተፈናጥሮ ከምንጣፉ ሥር ሰመጠ።

ገባ። ስልኩ ግን አልነቃም።
ነጭ ገጽ፣ መሃሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፦
«የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልክሽ ልከናል፣ እሱን አስገቢ።»
ወደ የትኛው ስልኬ?
አሮጌው ምላሱን ተቆርጧል፣
አዲሱ ገና አልተወለደም፣
ቁልፉ ከሳጥኑ ውስጥ፣ ሳጥኑ የተቆለፈ።
እንቆቅልሽ ቢሉኝ፣ ምን አውቅልሽ ብዬ፣
አፉላን ከነአውቶቡስ ጣቢያዋ ሰጥቼ በተገላገልሁ።

በማግስቱ እዚያው ጣቢያ፣ ከሱፍ ፍሬ ሻጩ አጠገብ፣
በሽቱ ስልክ ለኩባንያው ደወልሁ፤
አርባ ደቂቃ ፒያኖ ሰማሁ።
ከዚያ አንዲት ልጅ፣ በድምፅዋ ውስጥ ማስቲካ የሚታኘክ፦
«ስም?»
ትርንጎ።
«እንዲህ የሚባል የለም።»
ረስቼው ነው። ታማር ብለሽ ፈልጊ።
ትርንጎ ብዬ ገብቼ ጸሐፊዋ ቴምር አድርጋ አወጣችኝ፤
ፍሬ ከፍሬ ምን ይለያል ብላ ይሆናል፣
እግዜር ይስጣት፣ ቢያንስ አጣፈጠችኝ።
«የትውልድ ቀን?»
አንድ፣ አንድ።
ባቄላው ሲያብብ ነው ይል ነበር አባቴ፣
ለባቄላ አበባ ግን እዚህ ቁጥር አልተገኘም፤
ወሩም አንድ፣ ቀኑም አንድ፣
ከዚያ አውሮፕላን የወረድን ብዙዎቻችን ባንድ ሌሊት ተወለድን።
«እስከ ሃያ አራት ሰዓት ጠብቂ፣ ይነቃል።»
ሳቅሁ። ልጅቷ ምን አስቃት ብላ ይሆናል።
እኔን ለማንቃት ጎንደር ላይ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
መጥረጊያው በሚያድርበት ጠባብ ክፍል፣ ኪሴ ተንቀጠቀጠ።
ዘፈኑ፣ ካርታው፣ የልጄ መልእክት፣ የባንኩ ማሳሰቢያ፣
ሁሉም ባንዴ፣ እንደ ሠርግ ቤት በር ግፊያ።
የእህቴም ገባ፣ ከጎንደር፤
ይሄ ብልጥ ስልክ ግን ፊደላችንን አያውቅም፣
ባዶ ሳጥን ይደረድራል፣
ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ እስከ ገጹ ግርጌ።
ከርዝመቱ አወቅኋት። እህቴ አሳጥራ መናገር አትችልም።

ይሥራ፣ አልሁ፣ ሁሉን ይሥራ፤ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ።
ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥሁ፣
ከጣቢያው የገዛሁትን ሱፍ ፈታሁና
አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰነጠቅሁ፣
ቅርፊቷን መዳፌ ላይ አኖርሁ፣
ከዚያ ሌላዋን።