መሰላሉ ላይ

መቶ ዓመት ሞላው ብለው መጽሔት ሊያሳትሙ
ሁለት ወጣት መምህራን ደጃፌ ላይ ቆሙ።
አንደኛዋ ሴት ናት (ደስ ብሎኛል፣ አልነገርኳት)፣
መቅረጫዋን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረቻት።
«እማማ አያንቲ፣ ታሪኩን እርስዎ ያውቃሉ አሉን፤
እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩን።»

ታሪኩማ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል፤
ማሆጋኒ ሰሌዳ ላይ በወርቅ ተጽፏል፤
ዓመቱ በግራ፣ ስሙ በቀኝ በኩል፣
እንግሊዝ የተላከው ልጅ፣ የግሬናዳ ዓይን ኩል።
እኔ የማውቀው የቀለሙን ሽታ ነው፣
ስምንተኛው እርከን ሲረግጡት እንደሚንቋቋ ነው።

አባቴ ቴዎፊለስ ካዶር ፊደል ሠሪ ነበር፤
የጀልባ ስም፣ የሱቅ ዋጋ፣ የመቃብር መስቀል ላይ የሚያሰምር።
በነሐሴ፣ ተማሪው ለዕረፍት ሲበተን፣
ሚስተር ፔምብሪጅ ይጠሩታል፤ በጣታቸው ጫፍ ቁልፉን
ይሰጡታል፤ አንድ ስም፣ አንድ ዓመት፣ በቁራጭ ወረቀት።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር።
ሰው ሮም ነው አለ፤ ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ፤ ምን ለውጥ ነበር?
እጁ ነበር ማጀታችን።
«ነይ፣ ብሩሹን ያዢ» አለኝ በሹክሹክታ፣ በፋኖስ፤
ሴት እግሯን ባልጣለችበት፣ ላቲን በሚደገምበት መቅደስ
ባዶ እግሬን ወጣሁ።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ፦ ሆልምዉድ፣ ሆልምዉድ፣ ዳግም ሆልምዉድ፣
የካካዎ ጌታ ዘር እንደ መቁጠሪያ ሲወርድ፤
ቀጥሎ የጉምሩክ ሹም ልጅ፣ መልኩ ቀላ ያለ፤
ቀጥሎ፣ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ፣ እንደኛ ከሰል የመሰለ።
የመጀመሪያውን የሕንድ ልጅ፣ ራምዲንን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
የፊተኛዋን ፊደል አወፈርኳት፤ ፔምብሪጅ አላዩም፣ አባቴ አየኝ።

ከዚያ በፊት ሁለት መስመር ባዶ ነው።
ጦርነት ነበር። ወደ እንግሊዝ ልጅ የሚጭን መርከብ አልነበረም።

ጃኔት የመጣች ሌሊት ጣሪያው እንደ ባርኔጣ ተነሣ፤
የገውዝ ዛፉ በየኮረብታው ተጋደመ እንደ ሬሳ።
ሰሌዳውን በሦስተኛው ቀን ከጭቃ አወጣነው፣
ፊቱን ደፍቶ፣ ወርቁ ተልጦ፤ ከሆልምዉድ «ሆል» ነው የቀረው፤
ውሃ ዘር መርጦ አይበላም።
አባቴ ያኔ ሞቷል። ፔምብሪጅም አገራቸው ገብተዋል።
ሁሉንም እንደገና ጻፍኩ፤ ስድሳ አራት ስም፣
ጉልበቴ እስኪከዳኝ፣ በቀን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ማንም አልጠየቀኝም።

አሁን መቅረጫሽን አጥፊልኝ፣ ልጄ።

ሴልዊን የሚባል ወንድም ነበረኝ።
የመግቢያውን ፈተና ከደሴቲቱ ሦስተኛ ወጥቶ አለፈ።
ኮፍያ፣ ከረባት፣ ጥቁር ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፦
አባቴ ሺሊንጎቹን ሁለት ሌሊት ቆጠራቸው፤
ሁለት ሌሊት ያው ሆኑ።
«ግድ የለም» አለ ሴልዊን፤ በሳምንቱ ወደብ ወረደ፣
ጆንያ ተሸከመ፤ ትከሻው ሲሰፋ አሩባ፣ ነዳጅ ማጣሪያ ሄደ።
ደብዳቤው ሦስት ጊዜ መጣ።
አራተኛው ከኩባንያው ነበር።

ወርቅ እንዲይዝ አስቀድሞ ሙጫ ይቀባል፤ ይህን አባቴ ነው ያስተማረኝ።
ከጃኔት በኋላ፣ ከሁለቱ ባዶ መስመሮች በአንደኛው ላይ፣
ተምሮ ቢሆን በሚጨርስበት ዓመት ትይዩ፣
ስሙን በሙጫ ጻፍኩት። ወርቅ አላኖርኩበትም።
ወርቁ ተቆጥሮ ነው የተሰጠኝ፣ እኔም አልሰርቅም።

አይታይም። ሙጫው ሻክሮ ደርቋል።
ግን በየዓመቱ ከአፍሪካ በረሃ የተነሣ አቧራ
ባሕሩን አቋርጦ ሰማያችንን ሲያደፈርስ፣
የልብሴን ገመድ፣ የመስኮቴን ደፍ ሲያለብስ፣
ያን ጊዜ በዚያ መስመር ላይ ይቀመጣል፤
«ሴ» ይታያል፣ ከዚያ «ልዊ»፣ ዓይን ለለመደው ሁሉም ይነበባል።

ለመጽሔታችሁ ይህን አትጻፉ።
ይልቅ ዘበኛው፣ አርብ አርብ ሰሌዳውን የሚወለውለው፣
በዚህ ወር አንድ አርብ እንዲዘነጋ ንገሩልኝ።