ያሳጠርሁት ቃል

ቦዲል ክራግሉንድ ትባላለች፤ ልብወለድ ጸሐፊ ናት፣
ጋዜጠኛም፤ ዴንማርኮች ወደውም ፈርተውም የሚያነቧት፤
ሚኒስትር ሲዋሽ በአገሯ፣ በቁጥር የምታሳፍር፣
ለሰደባት አንባቢ እንኳ መልስ ሳትልክ የማታድር።
ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣
ስለ ራሷ ብዙ አታወራም፤
ጎንደር የመጣች ለት ያወራችው ስለ ጫማዋ ነው፣
የፒያሳ ድንጋይ ተረከዙን እንደበላው።

እኔ አስተርጓሚዋ ነበርሁ፣ በቀን አበል፣
የምኮፈስ፣ ከኮሌጅ በተረፈኝ ቃል።
ግንቡን ላሳያት ብል፣ «ቆይ» አለችኝ፣ «እሱ የትም አይሄድ፤
ያ ቢጫ ሰልፍ ግን ምንድን ነው፣ የሚጠመዘዝ እንደ ገመድ?»

ጀሪካን ነው። የቦኖ ተራ። ውሃ ከጠፋ አሥራ ሦስት ቀኑ።
ቁጭ ብላ ቆጠረች፤ አንድ መቶ ዘጠና አራት ሆኑ።

ወይዘሮ አንጓች ተናገሩ፤ ብዙ ተናገሩ፣
ስም ጠሩ፣ ቀን ቆጠሩ፤
ቧንቧው በማን ግቢ እንደሚያልፍ፣ ማን አጥሩን እንዳሰፋ፣
ልጃቸውን ጤና ጣቢያ ቢወስዱ፣ እዚያም ውሃ እንደጠፋ።
ከኋላቸው የቀበሌው ሰው ቆሞ መነጽሩን ይወለውላል።
እኔም ተረጎምሁ፦ «ውሃው አልፎ አልፎ ያስቸግራል።»

ቦዲል ብዕሯን አላነሣችም። አፌን አየችው፣ ከዚያ የእሳቸውን፤
«የእሳቸው ረዥም ነበር» አለች፤ «የት አደረስከው ቀሪውን?»
ምን እላለሁ? ሣቅሁ።
ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ ግን አልጠየቅሁ።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ በፖስታ ቤት ጥቅል ደረሰኝ፤
መጽሐፍ፣ በማላውቀው ቋንቋ፤ አንዱን ምዕራፍ ብቻ ተርጉማ የላከችልኝ።
ከተማው ስም የለውም፤ ወንዙ ግን አንገረብን ይመስላል፤
አንድ ሰው አለ እዚያ ውስጥ፣ የሰው ቃል ተቀብሎ ይውጣል።
ክፉ አይደለም። ሚስቱን ይወዳል። የቤት ኪራይ አለበት።
ሌሊት ሌሊት ግን ሆዱ ይከብዳል፣ የዋጠው ሲንጫጫበት።

ተናደድሁ፤ ሳምንት ሙሉ ተኛ ከሣጥን ሥር።
በጋዜጣ ብትጽፈኝ ማስተባበያ እልክ ነበር፤
ልብወለድን ምን ብዬ፣ ለማን ልናገር?

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤
ያልፈሰሰውስ? ታግዶ የቀረውስ የት ይውላል?

አሁን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤
ባለጉዳዮች «አሳጥረው» ሲሉኝ፣ ትርፉን ገጽ በነጻ እላለሁ።
ትናንት ወይዘሮ አንጓች መጡ፣ ስለዚያው ቧንቧና አጥር ሊናገሩ፤
አላወቁኝም። «ከየት ልጀምር?» አሉ።
«ከስሙ» አልኋቸው፤ «ይጥሩ።»