የስሜ ጉድጓድ

ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ፣ ሃይራፔት ጠራቢው፣
በሴቫን ሐይቅ ዳር ነፋስ በሚበዛው፣
ከመቃብሩ ደጅ፣ ከቀዩ ደንጊያ ሥር
በጉልበቴ ወድቄ፣ መሮ ይዤ ላፍር።

ማኑክ ልጅ ነበረ፣ የወንዝ ማዶ ልጅ፣
አባቱ ሲሞት ነው የመጣው ከእኔ ደጅ።
መጥረግ አስጀመርሁት፣ ውሃ እንዲያመላልስ፣
ከመስቀሉ ክንፎች ዱቄቱን እንዲያብስ።

አንድ ክረምት ተኛሁ፣ ሳንባዬ አቧራ ጠጥቶ፤
ስነሣ አገኘሁት ያን ብላቴና ገብቶ፣
ለከተማው ነጋዴ የታዘዘውን ደንጊያ
እንደ ጥልፍ ሠርቶታል፣ ያለ ንድፍ፣ ያለ መለኪያ።
ወይን ከግንዱ ፈልቆ፣ ሮማን ከወይኑ ሥር፣
ሐረግ በሐረግ ላይ ሲሳብ፣ ሲተሳሰር፤
መጀመሪያው የት ነው? መጨረሻው የቱ ጋር?
በጣቴ ተከትዬው ጠፋሁኝ በዚያ ዱር።

አርባ ዓመት ጠርቤ እንዲያ አልሠራሁም።
ይኸን ለማኑክ ግን አልነገርሁትም።
“ደህና ነው” አልሁ ብቻ፣ ፊቴን መልሼ፤
ማታ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ፋኖስ ለኩሼ፣
ከመስቀሉ ግርጌ፣ ልመና በሚጻፍበት፣
“በጸሎት አስቡኝ፣ የሠራሁት ሃይራፔት።”

ስሜ በእኛ ፊደል ስምንት ነው ሲቆጠር፤
ስምንቱንም ቆፈርሁ፣ አንዲቱ ሳትቀር።
እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህንንም ልናዘዝ፦
እንደዚያ ሌት ጸንቶ አያውቅም በመታዘዝ።

ጠዋት ልጁ አነበበው።
ማንበብ ያስተማርሁት እኔው ነኝ።
ምንም አላለኝም።
ውሃውን አመጣ፣ መሮዬን ሳለ፤
በሳምንቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ኮበለለ።

ነጋዴው ደንጊያውን ሲያይ አለቀሰ፤
ከእናቱ ራስጌ አቆመው፤ ወሬው ደረሰ።
ከጎሪስ፣ ከጉምሪ መጡ ሊያዩት ሰዎች፣
“የሃይራፔት እጅ!” አሉ ባለጠጎች።
ራሴን ነቀነቅሁ፣ ሰበር ብዬ ቀርቤ፣
በገዛ ፊቴ ላይ ትሕትና ጠርቤ።

ዘንድሮ ነገሩኝ፣ ማኑክ አርፏል ብለው፤
በሰሜን፣ በሰው አገር፣ ጡብ ሲደረድር ነው።
ሌላ መስቀል አልሠራም፤
ከእኔ ደጅ ከወጣ መሮ አልጨበጠም።

ቄሱ ቴር ዛቬን ሰማኝ፤ ሻማውን በጣቱ አጠፋ፤
“ዕዳው ከአምላክ እጅ ነው፤ ማኑክ ቢያልፍም አልጠፋ።”
“ሂድ ስምህን ፋቅ” ግን አላለኝም እሱ፤
እግሬ ነው ያመጣኝ፣ ሲያቃጥለኝ ክሱ።

አሁን እጄ ከዳኝ። መዶሻው ይስታል፤
“ሃ”ን ልምታ ስል ስቶ ወይኑን ሊነካ ይቃጣል።
የእኔን እፍቃለሁ ብዬ የእሱን ላጠፋው!
ለንስሓዬ እንኳ የሰው እጅ ነው የሚያሻው።

ዛቤል መጣች ያን ጊዜ፣ የዓሣ ሻጩ ልጅ፣
ቅርፊት የተለጠፈበት ብርዳም ትንሽ እጅ።
“አያቴ፣ ምን ትፍቃለህ?” “ስሜን።” “ለምን?” አለች።
“ሐሰት ስለ ሆነ።”
ትንሽ አሰበችና መሮውን ያዘች።
እሷ ይዛ፣ እኔ መትቼ፣ ፊደል በፊደል ሄድን፤
እስከ ሠርክ ስምንቱን ተጋግዘን ቆፈርን።

ግን ጌታ ሆይ፣ እየው! ስም ሲፋቅ አይጠፋም፤
ጉድጓድ ይሆናል እንጂ ሜዳ አይሆንም።
“ማኑክ” ብዬ ልጽፍበት ቃጣኝ፤ ተውሁት ግን፣
በእኔ እጅ መጻፉ ሌላ ኩራት እንዳይሆን።

ሌሊቱን ዘነበ።
ጠዋት ተመልሼ ብመጣ፣
ስሜ የነበረበት ውሃ አቁሯል፤
አንዲት ድንቢጥ ጎንበስ ቀና ትላለች፣ ልትጠጣ።

ስንት ዓመት ሰው ሁሉ ያነበበው ስሜ
አንድ ጉንጭ አላጠጣም ለአንድ ጥም፣ ለአንድ ዕድሜ።
ማኑክ ይቅር ብሎኝ እንደ ሆን አላውቅም፤
አንተ ታውቃለህና ዛሬ አልጠይቅም።
መዝገቡን ለአንተ ተውሁ፤ መሮዬን ሸከፍሁ፤
ድንቢጧ እንዳትበርር በእግሬ ጣት አለፍሁ።