የታውኖ ሸሚዞች

ደብዳቤው አጭር ነው፣ የሐኪም ቃል ያለው፤
«ምንጣፉ ከቤት ይውጣ» ነው የሚለው።
ሌላም አለ ከታች፦ ትራሱ ይቀቀል፣
መጋረጃው ይውረድ፣ ፍራሹ ይጠቅለል፤
አቅፋው የምትተኛ የጨርቁ ድብ ሳይቀር
ማቀዝቀዣ ይግባ፣ ከዓሣ ጋር ይደር።

ልጄን ኢልማ አልናት፤ በፊንላንድኛ «አየር» ነው፤
ስሟ የጠገበውን ደረቷ ተራበው።
ሌሊቱን ታፏጫለች እንደ በር ስንጥቅ፤
እኔ እቆጥራለሁ ትንፋሿን በጭንቅ።
በካያኒ ጥር ደግሞ ንጋት አይቸኩልም።

ምንጣፉ የእናቴ ነው፣ የሲርካ የእጇ ሥራ፤
አባቴ የሞተ ዓመት፣ ለማንም ሳታወራ
ቁም ሳጥኑን ከፍታ ሸሚዞቹን አውጥታ
በጣት ስፋት ቀድዳ፣ በሽመና ዕቃ መትታ
ሠራችው።
ሰማያዊው ጥለት የፋብሪካ ልብሱ፣
ነጩ የሠርጉ ዕለት ያጠለቀው እሱ፣
ቡኒው የሆስፒታል፣ የመጨረሻ ለሊት።
በካልሲ ትረግጠዋለች፤
በጫማ የረገጠው ከእሷ ጋር ተጣላ።

ሐኪሙ አስረዳኝ፦ በዓይን የማይታይ ቅንቅን
እልፍ ሆኖ ይኖራል በድሩ በማጉ መሐል።
«ምን ይበላል?» አልኩት።
«ከሰው የሚረግፍ ቆዳ።»
ዝም አልኩ። የማን ቆዳ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ ላይ ሐይቁ ዳር፣ ከጎረቤት ጋራ፣
በጥድ ሳሙና ፈትገን፣ በብሩሽ፣ በተራ፣
ጨምቀን አስጥተን ነበር። ሳምንት ተነፈሰች።
መስከረም ሲጠባ ፉጨቷን መለሰች።

«ውርጭ ይግደለው» አለች ሲርካ፣ ደብዳቤውን አጥፋ፤
ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከእኔ ቀድማ ተጋፋ
ጫፉን ይዛ ወጣች።
ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፤
የአፍንጫ ፀጉር እንደ መርፌ የሚቆምበት።
ሦስት ሌሊት አጥር ላይ ተሰቅሎ አደረ፤
እንደ ቆርቆሮ ገተረ፣
ሲነኩት ይንቋቋል።
አባቴም ሲቆጣ እንዲህ ድርቅ ይላል።

«ገደልነው» ብዬ ነገርኳት፣ ነርሷ ስትደውል፤
«መግደል መች ይበቃል፤ ሬሳው ነው የሚያስል፤
ካልተራገፈማ እንደ ሕያው ያውካል።»

አዲስ በረዶ ላይ በፊቱ ደፋነው፤
እኔም እሷም መምቻ ይዘን ደለቅነው፤
ድምፁ ከግቢ ግቢ ሲያስተጋባ ዋለ።
አነሣነው። ግራጫ። በዚያ ነጭ መሐል
እንደ መቃብር ልክ አራት ማዕዘን ተስሏል።

እናቴ መምቻዋን ቀስ ብላ አወረደች፤
«ይሄ ሁሉ ታውኖ ነው?» ብላ ጠየቀች።
«አቧራ ነው» አልኳት፣ «ጭቃ ነው፣ ጥላሸት፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተመላለስንበት።»
ራሷን ነቀነቀች፤ ያመነች መሰለች።

ወደ ንጹሑ ጎትተን መታን፤ ግራጫው ሳሳ።
ደግመን መታን፤ ከዚያ በኋላ
በረዶው ነጭ እንደሆነ ቀረ።
የመጀመሪያውን በአካፋ ልሸፍን ስል
«ተይው» አለች፣ «ሰማዩ ራሱ ይሸፍነዋል።»
ሌሊት በረዶ ጣለ።

ኢልማ አራት ሰዓት ሙሉ ሳታፏጭ ተኛች።
አራት ነው የቆጠርኩት፤ ከዚያ እኔም ተኛሁ።

ጠዋት ላይ ሳነጥፈው፣ ብርድ ብርድ ሲሸት፣
ዳር ላይ ከነጩ በኩል ጎደለ አንድ ስንዝር፤
መቼ እንደቆረጠችው እንጃ፤
ከውርጩ በፊት ይሆናል፣ ሳይመታ፣ ሳይራገፍ።
ከእናቴ አልጋ ራስጌ የብስኩት ቆርቆሮ
ክዳኑ በፕላስተር ዙሪያውን ታሥሮ።
አየሁት። አላየሁም።
እርጥብ ጨርቄን ይዤ መደርደሪያውን ወለወልኩ፣
ቆርቆሮውን ዞሬ።