ውሃ ልክ

ትኬት ቆርጬ ገባሁ፣ ጋዳሚስ በቀትር፣
ከኋላዬ አሸዋ፣ ከፊቴ ነጭ አጥር።
መዳኒ ይባላል መንገድ የሚመራኝ፣
«ጎንበስ በል» አለና ጨለማ አስገባኝ።

ውጭ ድንጋይ ይበስላል፤ ውስጡ የጎተራ ብርድ፣
ጣሪያ ለብሶ ይሄዳል ጠመዝማዛው መንገድ፤
በየሃያ እርምጃው፣ ከአናት፣ ከቀዳዳ፣
ብርሃን ጠብ ይላል እንደሚከፈል ዕዳ።

«የወንድ መንገድ ይህ ነው፤ የሴት በላይ ነበር፣
ከጣራ ወደ ጣራ፣ ከሰፈር ለሰፈር፤
እርሾ ትበደራለች፣ በሐሜት ትከፍላለች፣
እናቴ እዚህ ታች ስንቴ ወረደች?
ዝናብ በማያውቅ አገር፣ እኛ ልጆች ሳለን፣
ድምጿ ብቻ ነበር ከጣራ የሚወርድልን።»

አደባባይ ወጣን። በግንብ የታጠረ አረንጓዴ ኩሬ።
«ዐይን አል-ፈረስ» አለኝ።
አስተርጓሚ አልፈለግሁም፤ ዓይን ዓይን ነው፣ ፈረስም ፈረስ፤
ዘመዴን አገኘሁ፣ በቃል በኩል ዞሬ።

ከኩሬው ጥግ፣ በግንቡ ውስጥ፣ አንድ ሰው የምትይዝ ጎሬ፤
አያቱ እዚያ ነው ያረጀው። ውሃ ለኪ ነበረ።
ቂጡ የተበሳ ማሰሮ ይሞላል፣ ይሰቅላል፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ሲል ይጠብቃል፣
ባዶ ሲሆን ዘንባባ ላይ አንዲት ቋጠሮ ይቋጥራል።
ለአንዱ ተምር ሦስት ቋጠሮ፣ ለሌላው አምስት፣ ለመበለቲቱ እኩል፤
ሌሊትም አይተኛ፣ ዓይኑ ቢከደን የሰው አትክልት ይጎድል።
«ሰዓት አልነበረንም» አለኝ፣ «ውሃ ነበረን እንጂ።»
«አሁንስ?»
የእጁን አንጓ ገልብጦ አየ። «ሰዓትማ አለን፣ ወዳጄ።»

ከቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ቁልፉን አወጣና፣
መጀመሪያ አንኳኳ። ጆሮውን አቀና።
ማንም የለም እኮ! ቧንቧና መብራት ፍለጋ
ወደ አዲሱ ሰፈር ከወጡ፣ ልጅ ወልዶ፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ደርሷል።
«ባዶ ነው ብለህ ሳታንኳኳ አትግባ፤
ባዶ ቤት ይቀየማል።»

ውስጡ ኖራ፣ መስተዋት፣ የናስ ሳህን በየግድግዳው፣
ሦስት ማዕዘን፣ ኮከብ፣ ደረጃ፣ ሁሉም በቀይ ቀለም፤
የሴት እጅ ሥራ ነው፣ ወንድ ብሩሹን አይነካው።
«ይሄን» አለኝ መዳኒ፣ «መስዑዳ ናት የሳለችው፣
እናቴ፣ እኔን አዝላ።
ጀርባዋ ላይ ስራገጥ እጇ አዳልጦ፣ እዚህ ጋ፣
አንዲቷ መስመር ተንጋዳ ወጣች፣ እንደ ሰካራም መንገድ።
አላጠፋችውም። ‹ይሄ የመዳኒ ነው› ትል ነበር ለመጣ ዘመድ።»

ታዲያ የት አለች? ዓይኔ ፈለገ።
መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ ወታደር መስሏል።

የቅርስ ጥገና ሰዎች መጡ፣ ቆብ ደፍተው፣ ፎቶ አንስተው፤
ጭቃውን ከተምር ግንድ ጋር መልሰው አዋደዱት፣
የፈረሰውን ጣሪያ አቆሙ፣ ቀዩን ቀለም አደሱት፤
ጠማማዋን ሲያዩ ጊዜ ስህተት መስላቸው
ውሃ ልክ አስቀመጡ፤ አቀኗት በልካቸው።

የአያቱ ውሃ ልክ በጠብታ ነበር፣ ሁሉንም እንደ ድርሻው ሊያጠጣ፤
የእነዚህ በብርጭቆ ውስጥ፣ አንዲት አረፋ፣ መሐል እስክትመጣ።

«ተቆጣህ?» አልኩት።
ዝም አለ። መቃኑን መታ መታ አደረገ፣ ጤናውን እንደ መጠየቅ።
«ባይመጡ ግድግዳው የለም» አለ፣
«ስለመጡ የኔ እርግጫ የለም።
በየቱ ልውቀስ?»

«አትንኩ» ይላል ከገመዱ የተንጠለጠለው ሰሌዳ።
አልነካም። በስንዝር ርቀት ጣቱን ዘርግቶ
መስመሩን ተከተለ፣ ከጥግ ተነሥቶ፣
ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣
እዚያች ቦታ ሲደርስ
ጣቱ ተንጋደደ።